ኮሚሽኑ ሲፈርስ፦ ለተሰናባች ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የሚደረግ የመንግሥት ድጋፍ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የወታደሮቿን ውለታ ስትከፍል የኖረችው በዘመቻ መልክ ነው። ጦርነት ሲያበቃ ኮሚሽን ይቋቋማል፤ ገንዘብ ከለጋሾች ይጠየቃል፤ ኮሚሽኑ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ይፈርሳል። ከቀጣዩ ጦርነት በኋላ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። በዚህ መጣጥፍ የምከራከረው የድጋፉ ዋና ሕመም ከገንዘብ እጥረት ይልቅ ይህ መቆራረጥ መሆኑን ነው። ወታደሩ ያገለገለው አገሩን ነው፤ መብቱ ግን ሲለካ የኖረው በላከው መንግሥት ዕድሜ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱና ለወታደሮች መሬት ሰጥተዋል። የተለመደው ድርሻ አንድ ጋሻ፣ 40 ሄክታር ገደማ ነበር። መሬቱን በእጅ ለማስገባት ግን ደጅ መጥናትና አማላጅ ማፈላለግ ያስፈልግ ስለነበር ባለ ማዕረጉና ለቤተ መንግሥት የቀረበው ቀደመ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ የተሰጠውንም ጠቅልሎ ወሰደ። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ዕጣም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከ6,037 ዘማቾች 122ቱ ወደቁ፣ 536ቱ ቆሰሉ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ግን ገድላቸው ከአደባባይ ተነሣ። በስተርጅና ሕክምናና ድጎማ የደረሰላቸው በአመዛኙ ከደቡብ ኮሪያ ነው። የተዘመተለት አገር ያስታወሰውን ሰው የላከው አገር መርሳቱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው ግን የ1983 ዓ.ም. ተሞክሮ ነው። ደርግ በግንቦት ወደቀ፤ በሰኔ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር አካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሥራ ጀመረ። ወታደሮቹ እንደ ቶላይ፣ ታጠቅና ሁርሶ ባሉ ካምፖች እየተሰበሰቡ ከተመዘገቡ በኋላ ወደየቀያቸው ተሸኙ። የተሰናበተው ከ450 ሺሕ በላይ ሰው ነበር። በወቅቱ በአፍሪካ ይህን ያህል ሠራዊት በዚያ ፍጥነት የበተነ አገር ማግኘት ይከብዳል።

የገጠሩ ተመላሽ ለወራት የሚሆን እህል፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ አንዳንዱም የእርሻ በሬ አግኝቷል። ትልቁ ድጋፍ ግን ከኮሚሽኑ መጋዘን የወጣ አልነበረም። መሬት የመንግሥት በመሆኑ ቀበሌው ለተመላሹ ቆርሶ መስጠት ቻለ፤ ወላጆቹ ጎጆ ቀለሱለት፤ ጎረቤት በደቦ አረሰለት። ሳይወድ በብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ልጅ ስለነበር መንደሩ በጠላትነት አላየውም። የእነዚህ ወታደሮች መልሶ መቋቋም ስኬት ተብሎ ሲጠቀስ ከወጪው ብዙውን እጅ የሸፈነው ደሃው ገበሬ መሆኑ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ከተማ የገባው ይህ አልነበረውም። መካኒኩ፣ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ፣ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ከውትድርና በቀር ሌላ ሥራ የማያውቀው የአሥር አለቃ፣ የደርግ ወታደር የሚል ስም ተሸክሞ ሥራ ፍለጋ ወጣ። የጡረታ መብታችን ይከበር የሚለው አቤቱታ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ሲነሣ ኖሯል። ከሁሉ የከፋው ግን የቤተሰቦቹ ዕጣ ነበር። ኤርትራ ውስጥ የነበረው ጦር ሲፈርስ ሚስቶችና ልጆች በአሥር ሺዎች እየሆኑ ድንበር ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ውስጥ በላስቲክ መጠለያ ዓመታት ገፉ። ኮሚሽኑ የተዋቀረው ለወታደሩ ነው፤ ባሏ የሞተባት ወይም የጠፋባት ሴት በየትኛው መስኮት እንደምትስተናገድ አልታሰበበትም ነበር። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ወላጆቻቸው ለተሠዉባቸው ልጆች አላጌ ላይ የተመሠረተው የሕፃናት አምባም ከሥርዓቱ ጋር አከተመ። ግቢው ዛሬ የግብርና ኮሌጅ ነው።

የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት ከቋጨው የአልጀርስ ስምምነት ማግሥት፣ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በዓለም ባንክ ብድር ወደ 150 ሺሕ የሚጠጋ ወታደር ሲሰናበት አሠራሩ የተሻለ ነበር። መዋቅሩ ግን አሁንም ጊዜያዊ ፕሮጀክት ነበር።

በሕግ ረገድ መነሻው ባዶ አይደለም። በጡረታ አዋጁ መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ ከደመወዙ 11 በመቶ ሲያዋጣ ለወታደር 25 በመቶ ያዋጣል። ወታደሩ ሲሞት ሚስቱ የጡረታውን 50 በመቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይወርሳል። በወረቀት ላይ ይህ ደግ ሕግ ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ለመድረስ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። ወታደር ከምድብ ወደ ምድብ ሲዛወር የሚኖር ሰው በመሆኑ ትዳሩ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ እንጂ በክብር መዝገብ የተመሰከረ አይደለም። ባሏ ሲሞት ሚስትነቷን የማስረዳት ሸክም በእሷ ላይ ይወድቃል፤ ምስክር ይዛ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። ልጁም 18 ዓመት ሲሞላው አበሉ ይቋረጣል፤ ይህ ብዙው ልጅ 12ኛ ክፍል የሚጨርስበት፣ ወጪውም የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። አበሉ ቢያንስ ትምህርት ላይ ላለ ልጅ እስከ ምረቃው ቢቀጥል ከመንግሥት ካዝና የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ከሟቹ ይልቅ የጠፋው ወታደር ቤተሰብ ይበልጥ ይጎዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ሰው ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካላለፈ መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲወስን ማመልከት አይቻልም። እናት ያለ መርዶ ትጠብቃለች፤ ተዝካር አታወጣም፤ ሚስት ደመወዙም ጡረታውም የላትም። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለተሠዉ ታጋዮች ቤተሰቦች መርዶ አርድቶ የሦስት ቀን ሐዘን ሲያውጅ፣ ብዙ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ አለቀሰ። መርዶ የመንግሥት ግዴታ መሆን አለበት። የጦር ክፍሉ ወታደሩ የደረሰበት እንዳልታወቀ የሚገልጽ ማስረጃ በጊዜ ገደብ እንዲሰጥ፣ በዚያም ማስረጃ ቤተሰቡ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሳይጠብቅ ጊዜያዊ አበል እንዲቆረጥለት ሕግ ማውጣት ይቻላል። የሚስትና የልጆች ስምም ወታደሩ ግዳጅ ከመውጣቱ በፊት በግል ማኅደሩ ተመዝግቦ፣ ከሞተ በኋላ ያ ምዝገባ በቂ ማስረጃ ሊሆን ይገባል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ቅጽና ቅጹን የሚያስከብር አዛዥ ይበቃል።

የትግራይን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺሕ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን በተለያዩ ክልሎች ለማቋቋም አቅዷል። በትግራይ የመጀመሪያው ዙር 75 ሺሕ ሰዎችን ታሳቢ አድርጎ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተጀምሯል። ከእነዚህ ተዋጊዎች አብዛኞቹ የመከላከያ ባልደረቦች ባለመሆናቸው ጡረታ የላቸውም፤ እጃቸው ላይ የሚቀረው የማቋቋሚያ ገንዘቡ ነው። ገንዘቡ አልቆ ከዓመታት በኋላ በጥይት የተመታ እግሩ ሲያመረቅዝ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳው የት እንደሚሄድ ዛሬ ሊወሰን ይገባል። በአማኑኤል ሆስፒታልና በጥቂት የክልል ሆስፒታሎች ላይ የተንጠለጠለው የአእምሮ ሕክምና ይህን ሁሉ ሰው አይሸከምም፤ ጤና ጣቢያዎች ለተሰናባች ነጻ አገልግሎት የሚሰጡበት ቋሚ መታወቂያ ያስፈልጋል።

ኮሚሽኑ ጊዜያዊ መሆኑ ራሱ ጥፋት አይደለም። ሲፈርስ መዝገቡን የሚረከበው መሥሪያ ቤት ግን ከአሁኑ በሕግ ተለይቶ መታወቅ አለበት። በእኔ እምነት ለዚህ የሚቀርበው የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፤ ቅርንጫፎች አሉት፣ በየወሩ ክፍያ ያደርሳል፣ መንግሥታት ሲለዋወጡም የጡረታ ክፍያ ቀጥሏል። በውስጡ አንድ የተሰናባቾችና የተሠዉ ቤተሰቦች ክፍል ተከፍቶ የ1983ቱም፣ የ1993ቱም፣ የዛሬዎቹም ማኅደሮች ቢሰበሰቡለት፣ አመልካቹ የሚጠየቀው የትኛው መንግሥት እንደላከው ሳይሆን ስንት ዓመት እንዳገለገለና ምን ጉዳት እንደደረሰበት ይሆናል።