በለስና ቀይ ቀለም

በጾም ወራት ወደ ደምበል የገበያ ማዕከል የሚገባ ጾመኛ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያለበትን ምግብ ለይቶ ይተዋል። ከውጭ አገር በመጣ ቀይ ከረሜላ መጠቅለያ ላይ «ኢ120» የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ግን ከእንስሳ የተገኘ ነው ብሎ አይጠረጥርም። ቀለሙ ካርሚን ይባላል፤ የሚወጣውም በበለስ ተክል ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩ ኮቺኒል ከተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ለአንድ ኪሎ ደረቅ ኮቺኒል ወደ 150,000 የሚጠጉ ነፍሳት ያስፈልጋሉ።

የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ልብስ ሲያቀልሙበት ኖረዋል። እስፓኞችም በ1521 እ.ኤ.አ. የአዝቴኮችን መናገሻ ከያዙ በኋላ ወደ አውሮፓ እየጫኑ ከበሩበት።

ኮቺኒል ያለ በለስ አይኖርም፤ ትግራይ ደግሞ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በለስን የለመደ አገር ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነፍሳቱ ለቀለም ምርት ወደዚያ ገቡ። በለስ ግን ለገበሬው በክረምት ጎተራው ሲራቆት ምግብ፣ ለከብቱ መኖ፣ ለማሳው አጥር ነው። ኮቺኒል በወቅቱ ካልተሰበሰበ ተክሉን መጥጦ ያደርቃል። ከተመደበለት ስፍራ ወጥቶም በደቡብ ትግራይ ተዛመተ፤ ብዙ በለስም አጠፋ።

እንግዲህ ያ አጭር ምልክት ከጾመኛው ነፍሳቱን፣ ከበላተኛው ሁሉ ደግሞ የገበሬውን ጉዳት ሰውሯል። የምግቡ ምንጭ በግልጽ አማርኛ ቢጻፍ፣ ቢያንስ የመጀመሪያው ስውር ነገር ይገለጥ ነበር።