ዋናው ቁልፍ በማን እጅ ነው? የ«ሩት» አጭር ታሪክ

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒውተር አንዳንድ ጊዜ «ፈቃድ የለህም» ብሎ ይከለክላል። ሁሉ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ስሙ «ሩት» ይባላል፤ ትርጉሙም በእንግሊዝኛ ሥር ማለት ነው። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

ድሮ ኮምፒውተር እጅግ ውድ ስለነበረ አንዱን ብዙ ሰዎች ይጋሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን «ሲቲኤስኤስ» የተባለ ሥርዓት አሳየ። የአንዱ ሥራ በሌላው እጅ እንዳይገባም ለእያንዳንዱ ሰው የምሥጢር ቃል ተሰጠ። ነገር ግን በ1966 ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ፋይል ሲያርሙ የምሥጢር ቃላቱ ዝርዝር በዕለቱ ማስታወቂያ ቦታ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ኮምፒውተሩ የገባ ሁሉ የሰዎቹን ሁሉ ምሥጢር አነበበ። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሙሉ ሥልጣን ባለበት ቦታ ትንሽ ስሕተት ለሁሉም እንደሚተርፍ ታየ።

በ1969 በዚያው አገር በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን መሥራት ጀመሩ። በዩኒክስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቁጥር አለው። ቁጥሩ 0 የሆነው ሩት ነው፤ የማንንም ፋይል ማንበብ፣ መለወጥና ማጥፋት ይችላል። ሌላው ተጠቃሚ ግን የሚያዝዘው በራሱ ፋይሎችና በተፈቀደለት ላይ ብቻ ነው። በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲጽፍ ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ።

ሁልጊዜ በሩት ስም መሥራት ግን አደገኛ ነው። አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በ1980 ገደማ በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ «ሱዱ» የተባለ መሣሪያ ተሠራ። በሱዱ አማካይነት የተፈቀደለት ሰው የሩትን ሥልጣን ለአንድ ሥራ ብቻ ይዋሳል፤ ያዘዘውም ይመዘገባል። በ2004 የወጣው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም በሩት ስም በቀጥታ መግባትን ዘግቶ በሱዱ መሥራትን ልማድ አደረገ።

ይህ ታሪክ ቤታችንንም ይመለከታል። በብዙዎቻችን ቤት ዕብራይስጡንም ኮምፒውተሩንም ቀድመው የሚያውቁት ልጆች ናቸው። በዚህም ምክንያት የደብዳቤያችን፣ የፎቶግራፋችንና የባንካችን ዋና ቁልፍ ሳናውቀው በልጅ እጅ ሊገባ ይችላል። ልጁን መውቀስ አይገባም፤ ሥርዓት ማበጀት ግን ይገባል። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የየራሱን መግቢያ እንክፈትለት። የአስተዳዳሪውን የምሥጢር ቃል ወላጅ ይወቀው፤ በወረቀት ጽፎም በደህና ቦታ ያስቀምጠው። ኮምፒውተሩ ይህን ቃል በጠየቀን ቁጥር ከመጻፋችን በፊት «ለምን ሥራ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ልጆቻችን አሠራሩን ያስተምሩን፤ እኛም ቁልፉን አብረናቸው እንጠብቅ።