ጥሩር

ጥሩር በውጊያ ጊዜ ደረትንና ጀርባን የሚሸፍን ልብስ ነው። ቃሉን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱሱ የጎልያድ ታሪክ ነው፤ የእሱ ግን፣ ዕብራይስጡ እንደሚለው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ናስ ነበር። ከብረት ቀለበቶች የተሠራው ጥሩር ሌላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ኬልቶች የተባሉት የአውሮፓ ሕዝቦች ይለብሱት ነበር፤ ሮማውያንም ወረሱት።

አሠራሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የብረት ሽቦ በዘንግ ላይ ይጠመጠምና ይቆረጣል። የየቀለበቱ ጫፎች ተደራርበው ይቀጠቀጣሉ፤ ይበሳሉ፤ በደቃቅ ሚስማር ይያያዛሉ። አንዱ ቀለበት አራት ጎረቤቶቹን ይይዛል። ለእኔ ትልቁ ጥበብ ያቺ ሚስማር ናት፤ ጫፉ ገጥሞ ብቻ የቀረ ቀለበት ጦር ሲወጋው ይከፈታልና። ጥሩር የሰይፍ ስለት ይመክታል፤ የከባድ ምት ኃይል ግን በውስጡ አልፎ አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ከሥሩ ወፍራም፣ የተደረበ ልብስ ይለበስ ነበር።