«አሸናፊ» የሚል ቃል የታከለባት ቴምብር

ታሪክ በትልልቅ መጻሕፍት ብቻ አይጻፍም። በድንጋይ ሐውልት ላይ፣ በገንዘብ ላይ በተቀረጸ መልክ፣ በማኅተምም ይጻፋል። ከእነዚህ ሁሉ ጠባቡ ሰሌዳ ግን የፖስታ ቴምብር ነው። ቴምብር መጠኑ ከሁለት ጣት ስፋት ብዙም አይበልጥም፤ ቢሆንም አንድ መንግሥት ለዓለም ሊናገር የፈለገውን ቃል ተሸክሞ ከአገር ወደ አገር ይዞራል።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች ለዚህ የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ታሪክ ለሌሎች ትተን፣ አንዲት ቴምብር መረጥን። ይህች ቴምብር በ1958 ዓ.ም. (1966) የእንግሊዝ ቡድን የዓለምን የእግር ኳስ ዋንጫ በማሸነፉ የወጣችው ናት። አገሮች በእግር ኳስ፣ በእጅ ኳስ ወይም በሩጫ ድል ሲያገኙ የመታሰቢያ ቴምብር ማውጣታቸው የተለመደ ነው። ይህችን የመረጥንበት ምክንያት ግን በውስጧ ብዙ ትምህርት ስላገኘንባት ነው። ማን እንዳሸነፈ ቴምብሯ ራሷ ትነግረናለች፤ ቃሉ መቼ እንደ ተጻፈ፣ በማን ስም እንደ ተጻፈና በግብዣው ላይ ማን እንዳልተገኘ መርምሮ ማወቅ ግን የአንባቢው ፈንታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የኤውሮፓው በቅንፍ ውስጥ ይገኛል።

አስቀድሞ ስለ ቴምብር አጀማመር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጀርባው ማጣበቂያ ያለው የፖስታ ቴምብር በመጀመሪያ የወጣው በ1832 ዓ.ም. (1840) በብሪታንያ ነው። ያሳሰበውም ሮላንድ ሂል የተባለ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የደብዳቤን ዋጋ ብዙ ጊዜ ይከፍል የነበረው ተቀባዩ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ላኪው አስቀድሞ ከፍሎ ምልክቱን በደብዳቤው ላይ ይለጥፍ ጀመር። በዚያች የመጀመሪያ ቴምብር ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ታተመ እንጂ የአገር ስም አልተጻፈባትም። ሌላ ቴምብር ያለው አገር ስላልነበረ ስም መጻፍ አላስፈለገም። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል፤ የብሪታንያ ቴምብር የሚታወቀው በነጋሢው መልክ ነው። ሌሎች አገሮች ግን ስማቸውን ይጽፋሉ። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. (1894) በፓሪስ ታትመዋል፤ ኢትዮጵያም በጥቅምት ወር 1901 ዓ.ም. (1908) የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች።

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ውድድር በእንግሊዝ አገር እንዲደረግ ተወስኖ ነበርና የብሪታንያ ፖስታ ቤት ግንቦት 24 ቀን ሦስት የመታሰቢያ ቴምብሮች አወጣ። የ4 ፔንስ ዋጋ ያላት፣ ማለት ለአገር ውስጥ ደብዳቤ የምትለጠፈው፣ ተጫዋቾች ለኳስ ሲሻሙ የምታሳይ ነበረች፤ ሥዕሏንም ያዘጋጀው ዴቪድ ጄንትልማን ነው። የቀሩት ሁለቱ የ6 ፔንስና የ1 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ነበሩ።

የዚያ ዓመት ዋንጫና ቴምብር ግን ከዚያም በፊት ተገናኝተው ነበር። በመጋቢት ወር በሎንዶን ከተማ፣ በዌስትሚንስተር ሴንትራል አዳራሽ፣ የቴምብር ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ሳለ የወርቁ ዋንጫ ለሕዝብ እንዲታይ በዚያ ተቀምጦ ነበር። መጋቢት 11 ቀን ሌባ ሰርቆ ወሰደው። ፖሊሶች ሲያፈላልጉ ሰነበቱ፤ በሰባተኛው ቀን ግን ዋንጫውን ያገኘው ፒክልስ የተባለ ውሻ ሆነ። ከጌታው ጋር ሲዘዋወር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከቁጥቋጦ ሥር የተጣለውን ዋንጫ አነፍንፎ አወጣው። እንግዲህ የቴምብር ሰብሳቢዎች በዓል የዓለምን ዋንጫ ሊያሳጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ ሐምሌ 23 ቀን 1958 ዓ.ም. በዌምብሌ ስታዲየም በእንግሊዝና በምዕራብ ጀርመን መካከል ሆነ። ወደ 97 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተመለከተው። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ጄፍ ኸርስት የመታት ኳስ የላይኛውን እንጨት ነክታ ወደ ታች ወረደች፤ መሥመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቈረጠም። ዳኛው ግን የመሥመር ዳኛውን ጠይቆ ጎል ነው አለ። ከዚያም አራተኛ ጎል ተጨምሮ እንግሊዝ 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ቦቢ ሙር ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሣቤጥ እጅ ተቀበለ።

ከ19 ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ ያችው የ4 ፔንስ ቴምብር እንደ ገና ታትማ ወጣች። ሥዕሉ ያው የቀድሞው ነው፤ የተጨመረው ነገር ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ነው፤ «ኢንግላንድ ዊነርስ»፣ ይኸውም «እንግሊዝ አሸናፊ» ማለት ነው። ሕዝቡም ለመግዛት በየፖስታ ቤቱ ተሰለፈ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ስለ ታተመች ዛሬ በገበያ ዋጋዋ ከፍ ያለ አይደለም። ለታሪክ ተማሪ ግን ዋጋዋ ሌላ ነው።

መጀመሪያ የምታስተምረን ስለ ጊዜ ነው። የግንቦቷ ቴምብር የወጣችው ማንም ውጤቱን ሳያውቅ ነው፤ የነሐሴዋ ደግሞ ነገሩ ከታወቀ በኋላ። በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ተጫዋቾች ግን በሁለቱም እነዚያው ናቸው። አሸናፊዎች ያደረጋቸው ሥዕሉ ሳይሆን በኋላ የታከለው ቃል ነው። ስለ ሦስተኛዋ ጎል የነበረው ክርክርም በዚያች ወረቀት ላይ ስፍራ አላገኘም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2006 ዓ.ም. (2014) ደግሞ ጀርመኖች በእግር ኳስ የዓለም አሸናፊ በሆኑ ጊዜ፣ የመታሰቢያው ቴምብር ከፍጻሜው ጨዋታ በፊት ተዘጋጅቶ 5 ሚሊዮን ያህል መታተሙ ተገለጸ። ቢሸነፉ ኖሮ ያ ሁሉ ወረቀት ከንቱ በቀረ ነበር። ስለዚህ አንድ የታሪክ ምስክር በእጃችን ሲገባ «ምን ይላል?» ከማለት ጋር «መቼ ተጻፈ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ስም ነው። የብሪታንያ ቴምብር የአገር ስም እንደማይጻፍበት ከላይ ተናግረናል። በነሐሴዋ ቴምብር ላይ ግን «ኢንግላንድ» የሚል ስም ታየ። የብሪታንያ መንግሥት ግን የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድ፣ የዌልስና የሰሜን አየርላንድ አንድነት ነው፤ በእግር ኳስ ደግሞ አራቱም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቡድን አላቸው። ፖስታው የአራቱ፣ ድሉ የአንዱ ነበረና ነገሩ ጥንቃቄ ጠየቀ። ስለዚህ ቴምብሯ በእንግሊዝና በአቅራቢያዋ ባሉት ደሴቶች ፖስታ ቤቶች ስትሸጥ፣ ከጥቂት ልዩ ስፍራዎች በቀር በስኮትላንድ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ለሽያጭ አልቀረበችም። የአንዱ ደስታ የሌላው ደስታ እንዳልሆነ ፖስታ ቤቱ ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት እኛን አፍሪቃውያንን ይበልጥ ይነካናል። ይህች ቴምብር በታተመችበት ውድድር ከአፍሪቃ አንድም ቡድን አልነበረም። ከአስራ ስድስቱ ስፍራ አስሩ ለኤውሮፓ፣ አራቱ ለደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ ለሰሜንና ለመካከለኛው አሜሪካ ሲመደብ፣ ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በጠቅላላው አንድ ስፍራ ብቻ ተሰጣቸው። የአፍሪቃ አገሮች ይህን አልቀበልም አሉ፤ ኢትዮጵያ ያለችባቸው 15 ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ለዚህ ተቃውሞ ግንባር ቀደም ከሆኑት ሰዎች የጋናው ኦሄኔ ጃንና የእኛው ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። መቅረታቸውም ፍሬ ሳይሰጥ አልቀረም፤ በ1962 ዓ.ም. (1970) በሜክሲኮ ለተደረገው ውድድር ለአፍሪቃ የራሷ የሆነ ስፍራ ተሰጥቷት ሞሮኮ ተካፋይ ሆነች። ይህ ሁሉ በ4 ፔንሷ ቴምብር ላይ አይነበብም። «አሸናፊ» የሚለው ቃል ከተገኙት መካከል ያሸነፈውን ይናገራል እንጂ ለምን ሌሎች እንዳልተገኙ አይናገርም።

የአገራችንንም ድል በዚሁ ዐይን ብንመለከተው መልካም ነው። በጥር ወር 1954 ዓ.ም. (1962) ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በአዲስ አበባ በተደረገ ጊዜ፣ የኢትዮጵያ ፖስታ ውድድሩን የሚያስታውሱ ቴምብሮች አውጥቶ ነበር። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ጨዋታ ቡድናችን በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል ከነበረችው ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቢመሩም የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ሁለት ጎል አግብተው፣ የመጨረሻዋንም መንግሥቱ ወርቁ አስገብቷት፣ 4 ለ 2 አሸነፉ። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ጨዋታው ከአራት ዓመት በኋላ በዌምብሌ ከሆነው ጋር መመሳሰሉ ያስደንቃል፤ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2፣ መጨረሻው 4 ለ 2፣ ባለድሉም ባለአገሩ፣ ዋንጫውንም የሰጠው ነጋሢው ራሱ ነበር። ነገር ግን ለውድድሩ የወጡት ቴምብሮቻችን እንደ ግንቦቷ የእንግሊዝ ቴምብር ናቸው፤ ግብዣውን እንጂ ድሉን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ከድሉ ጀምሮ ያለውን ታሪክ የሚናገሩት በስታዲየሙ የነበሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ዛሬ በዕድሜ የገፉ አባቶችና እናቶች ሆነዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ ይህን ስንጽፍ ቴምብርን ለማቃለል አይደለም። ድልን የሚያስታውስ አገር የተመሰገነ ነው፤ ያልተጻፈ ድልም ቶሎ ይረሳል። የምንለው፣ የተጻፈውን ስናከብር ያልተጻፈውንም እንፈልግ ነው። ይህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ራሱ እንደ መታሰቢያ ቴምብር ያለ ነገር ነው። ዋንጫ ያገኙትንና በከፍተኛ ማዕርግ ያለፉትን በስም ይጠራል፤ ትምህርታቸውን በችግር ምክንያት ያቋረጡትን፣ ደወል ሲደውሉና ግቢውን ሲጠብቁ የኖሩትን ግን ገጹ አይበቃቸውም። ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በየቤታቸው ያሉትን የድሮ ደብዳቤዎች ቴምብሩን ገንጥለው ፖስታውን እንዳይጥሉ፣ ወላጆችም የ1954ን ጨዋታም ሆነ የዚህን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመታት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ካሉ ለልጆቻቸው እንዲያስነግሩ እንለምናለን። እኛም የሚነገረንን ጽፈን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለማስቀመጥ ዝግጁ ነን።