የሱፓይ ደም

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይላል ያገራችን ሰው። ባለቤቱ አንድ ትንሽ ሕዝብ፣ የተነቀነቀውም ደሙ ሲሆን ምን እንደሚከተል የሀቫሱፓዮች ታሪክ ያሳየናል።

ሀቫሱፓዮች በአሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ፣ በግራንድ ካንየን ገደል ሥር የሚኖሩ፣ ቁጥራቸው ከጥቂት መቶዎች የማያልፍ ነባር ሕዝብ ናቸው። ሱፓይ ወደምትባለው መንደራቸው መኪና አይገባም፤ በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሄሊኮፕተር ካልሆነ አይደረስባትም። በዚህች መንደር የስኳር በሽታ ጸንቶ አንዳንዱን እግሩን እስከማስቆረጥ ደርሶ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990 የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የበሽታውን ምክንያት ከደማችሁ እንፈልግ ብለው ሲመጡ መንደሩ ክንዱን ዘረጋ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ደም ሰጡ። ፈረሙም። ይሁንና ሰዎቹ የገባቸው ስኳር ሲሆን፣ የወረቀቱ ቃል ግን ከዚያ የሰፋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2003 አንዲት የሀቫሱፓይ ሴት በዚያው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ ተገኝታ አዳመጠች። የሚወራው ስለ ወገኖቿ ደም ነበር። ተነሥታ ፈቃድ አግኝታችኋል ወይ ስትል ጠየቀች። ነገሩ ሲመረመር፣ ያ ደም ለአእምሮ ሕመም፣ ለዘመዳሞች ጋብቻና ለጥንት ፍልሰት ጥናት ሁሉ ውሎ ተገኘ። የትውልዳችን ምንጭ ይኸው ገደል ነው፣ ጠባቂዎቹም እኛ ነን ብለው ለሚያምኑ ሰዎች፣ አባቶቻችሁ ከእስያ መጡ የሚል ጥናት በገዛ ደማቸው መሠራቱ ቁስል ሆነባቸው።

የዩኒቨርሲቲውን ሰዎች ከምድራቸው አገዱ። በ2004 ከሰሱ። በሚያዝያ 2010 (እ.ኤ.አ.) በተደረሰ ስምምነት ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር ተከፈለ፤ የተረፈውም ደም ለባለቤቶቹ ተመለሰ። ነገሩ በእርቅ ስላለቀ ግን ወረቀቱ ይበቃ ነበር ወይስ አይበቃም የሚለውን ፍርድ ቤት አልወሰነም።

መልሱን ከፍርድ ቤት ያልጠበቁም አሉ። በዚያው አካባቢ የሚኖሩት ናቫሆዎች ገና በ1996 የራሳቸውን የጥናት መርማሪ ቦርድ አቋቁመው ነበር። በምድራቸው በሰው ላይ ጥናት ማድረግ የሚሻ ሁሉ ሲጀምር ያስፈቅዳል፤ ጽሑፉንም ከማሳተሙ በፊት ያሳያል። በ2002 ደግሞ የዘረ መል ጥናትን ጭራሽ አገዱ።

አንድ ሰው ስለ ክንዱ ሊፈርም ይችላል። ስለ ሕዝቡ ስምና ስለ አባቶቹ ታሪክ ግን ብቻውን እንዴት ይፈርማል? ሱፓይ ሥር የጎደለው ሐኪም አልነበረም፤ በሁለተኛው ጥያቄ ጊዜ ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳ ሰው ነበር።