የዕዳ ገቢ ምጣኔ፦ የቤት ብድር ከመጠየቅ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

መርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ ያለው ነጋዴ የቤት መግዣ ብድር ሲያስብ በመጀመሪያ የሚጨነቀው ለቅድሚያ ክፍያና ለመያዣ ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ቆጥቦ ይዟል፤ መያዣውም አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ቤት ራሱ ነው። ሁለቱን አሟልቶም ግን ብድሩ ሊከለከል፣ ወይም ከጠየቀው ያነሰ ሊፈቀድለት ይችላል። ያልተከፈለ የቆየ ዕዳ ካለበት ባንኩ ለአዲሱ ብድር የሚተርፈው አቅም ስንት እንደሆነ ያሰላልና።

ይህ ስሌት በእንግሊዝኛ አጠራሩ ዴት ቱ ኢንካም ሬሾ ይባላል። በአማርኛ የዕዳ ገቢ ምጣኔ ማለት ይቻላል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በየወሩ ለዕዳ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ተደምሮ ለወር ገቢ ይካፈልና በመቶኛ ይገለጻል።

እዚህ ላይ ገቢ ማለት ሽያጭ አይደለም። በበዓል ሰሞን ጋቢና የሐበሻ ቀሚስ እንደ ጉድ ይሸጣል፤ በሌላው ጊዜ ገበያው ይቀዘቅዛል። የዓመቱ ሽያጭ ተደምሮ የዕቃው ዋጋ፣ ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝና ግብሩ ሲቀነስ የሚተርፈው ለ12 ይካፈላል። ባንክ የሚቀበለውም በሒሳብ መዝገብ፣ በግብር ደረሰኝና በባንክ እንቅስቃሴ የሚታየውን ነው። ገቢውን ለግብር አሳንሶ ሲያሳውቅ የኖረ ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሣ የራሱን አቅም በራሱ እጅ አሳንሶ ያገኘዋል።

በምሳሌ እንየው። በወር 60,000 ብር የሚተርፈው ነጋዴ ለሸቀጥ ማስገቢያ ከወሰደው ብድር በወር 15,000 ብር ይከፍላል። የሚጠይቀው የቤት ብድር ደግሞ በወር 18,000 ብር ያስከፍለዋል። ድምሩ 33,000፣ ምጣኔው 55 በመቶ ይሆናል። የሸቀጡን ብድር አስቀድሞ ቢዘጋ ግን ወደ 30 በመቶ ይወርዳል።

ስንት ሲሆን ነው የሚበዛው? እያንዳንዱ ባንክ የራሱ መለኪያ አለው። በአሜሪካ ከ2014 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. 43 በመቶ ዋና የቤት ብድር ጣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይከለክላል። ነጋዴ ደመወዝተኛ ባይሆንም ሲሶውን ለራሱ ልክ አድርጎ ቢይዝ አይጎዳም እላለሁ፤ እንዲያውም ገቢው ከወር ወር ስለሚዋዥቅ ከደመወዝተኛው ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት እሱ ነው።

ባንክ ደንበኛው በሌላ ባንክ ያለበትን ዕዳ ማየት አይሳነውም። አበዳሪዎች የደንበኞቻቸውን ብድር ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያው ያጣራሉ። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ደርሶት ለንግድ ባንክ በየወሩ የሚከፍል ሰው ያም ይቆጠርበታል። ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የዘገየ ብድር ደግሞ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይገባል፤ ያ ታሪክ ከምጣኔውም በላይ ያስጠይቃል።

መዝገብ የማያውቀው ዕዳ ግን መርካቶ ውስጥ ሞልቷል። ዕጣ ወጥቶለት ገንዘቡን ሥራ ላይ ያዋለ የእቁብ አባል እቁቡ እስኪያልቅ ባለዕዳ ነው። በሳምንት 2,000 ብር የሚጥል ከሆነ በወር ከ8,000 ብር በላይ ይወጣዋል። ከላይ 30 በመቶ ያልነው ምጣኔ በዚህ ብቻ ከ43 በመቶ ያልፋል። ከአከፋፋይ በዱቤ የተወሰደ ዕቃ፣ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ፣ ለጓደኛ የተገባ ዋስትና፣ ሁሉም ቀን ጠብቆ ይመጣል። ባንኩ ባይጠይቅም ባለቤቱ መደመር አለበት። ብድሩ ተፈቀደ ማለት አቅም አለ ማለት ነው ብሎ ማመን በዚህ ሰፈር ብዙ ቤተሰብ ሊያስጨንቅ ይችላልና ይህን ነገር አጥብቄ እናገራለሁ።

ከዕዳዎቹ የቱ ይቅደም? ምጣኔው የሚያየው የወሩን ክፍያ እንጂ ጠቅላላውን ቀሪ አይደለም። 90,000 ብር ቀርቶት በወር 15,000 የሚያስከፍለውን ዕዳ መዝጋት፣ 300,000 ብር ቀርቶት በወር 9,000 ከሚያስከፍለው ላይ ያንኑ 90,000 ከመቀነስ ይልቅ ምጣኔውን ፈጥኖ ያወርደዋል። ሆኖም ለዚህ ተብሎ የሱቁ መንቀሳቀሻ ገንዘብ መነካት የለበትም። ዕዳው እንደተዘጋም ክሊራንስ ማውጣት፣ መያዣ የነበረ ቤት ካለም እግዱ መነሣቱን መከታተል ያስፈልጋል።

ምጣኔውን ዝቅ አድርጎ መያዝ ለባንክ ብቻ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ላይ በተነሣው እሳት ሱቆች ከነሸቀጣቸው ወድመዋል። ሸቀጥ ሲቃጠል ዕዳ አይቃጠልም። ገቢ በአንድ ሌሊት ሲቆም የብድሩ ቀን ግን እንደወትሮው ይደርሳል፤ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረትም ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት እቁቡንና ዱቤውን ጨምራችሁ ወርሃዊ ክፍያችሁን ደምሩ፤ ለወር ትርፋችሁ አካፍሉት። ከሲሶ እጅግ ከበለጠ የቆየውን ዕዳ ዝጉ፤ ለሱቁ ዕቃም የእሳት መድን ግዙለት። የቤቱ ማመልከቻ ከዚያ በኋላ ይድረስ።