ኢንዲጎ፤ ቁጥቋጦው፣ ገንዳውና ጭሰኛው

ኢንዲጎ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ፣ ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚደርስ፣ ወደ ሮዝ የሚያደላ ደቃቅ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ስሙን ያስጠራው ሰማያዊ ቀለም ግን ከአበባው አይገኝም፤ በቅጠሉም ላይ ቢፈለግ አይታይም። ቅጠሉ የያዘው ኢንዲካን የተባለ ቀለም አልባ ውሑድ ነው። ተክሉ ታጭዶ በውሃ ገንዳ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ኢንዲካኑ ይፈርሳል። ከ10 ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ፈሳሹ ወደ ታችኛው ገንዳ ይለቀቅና ሠራተኞች ውስጡ ቆመው በመቅዘፊያ ይመቱታል። አየር ሲገባበት አረንጓዴ የነበረው ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል፤ ቀለሙም እንደ ጭቃ ይዘቅጣል። ዝቃጩ ተፈልቶ፣ ተጨምቆና ተቆራርጦ ይደርቃል። ከ100 ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ግራም ቀለም እንኳ አይወጣም።

ለመሐንዲስ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የታጨደው ቅጠል ሳይውል ሳያድር ካልተዘፈዘፈ ቀለሙ ስለሚቀንስ ፋብሪካው ከማሳው አጠገብ መቆም ነበረበት። ገንዳ ያስገነባ ባለሀብት ደግሞ በዙሪያው ያለው ገበሬ ሩዝ ሳይሆን ኢንዲጎ እንዲዘራለት ይሻል። በቤንጋል አውሮፓውያን ባለፋብሪካዎች ለገበሬው ቅድሚያ ገንዘብ እያበደሩ በውል ያስሩት ነበር። የቅጠሉ ዋጋ ብድሩን ስለማይሸፍን ዕዳው ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 የናዲያ ገበሬዎች «አንዘራም» አሉ። እምቢታው ወደ ሌሎች አውራጃዎች በመዛመቱ መንግሥት በ1860 መርማሪ ጉባኤ አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዲናባንዱ ሚትራ የገበሬውን በደል የሚያሳይ ተውኔት አወጣ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ያሳተመው ቄስ ጄምስ ሎንግ በ1861 አንድ ወር ታስሮ 1,000 ሩፒ ተቀጣ። ባለፋብሪካዎቹ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ ፊታቸውን ወደ ቢሃር አዞሩ። እዚያም በቻምፓራን ጭሰኛው ከየ20 ካታ መሬቱ 3ቱን ኢንዲጎ እንዲዘራበት ይገደድ ነበር።

የተክሉ ገበያ የተናጋው ከሩቅ፣ ከጀርመን አገር ነው። አዶልፍ ፎን ባየር የቀለሙን ውስጣዊ አሠራር በ1883 አረጋገጠ። ርካሽ የማምረቻ ዘዴ ለማግኘት ግን ሌላ አሥር ዓመት አልበቃም፤ በመጨረሻም ከረዱት ነገሮች አንዱ በሙከራ ላይ ሳለ የተሰበረ የሙቀት መለኪያ ነበር። ከውስጡ የፈሰሰው ሜርኩሪ ናፍታሊኑን ወደሚፈለገው ውሑድ መለወጡን አፋጠነው። ባስፍ የተባለው ኩባንያ የፋብሪካ ኢንዲጎ በ1897 ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዓመት 19,000 ቶን ገደማ የነበረው የተክል ኢንዲጎ ምርት በ1914 ወደ 1,000 ቶን ወረደ።

ያ ሁሉ ግዴታ ያኔ በራሱ መውደቅ በተገባው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የቻምፓራን ባለፋብሪካዎች ከዚያ ወዲያ ለእነሱም ከማያዋጣቸው ተክል ጭሰኛውን «ነፃ ለማውጣት» ካሣ አስከፈሉት፤ በሌላው ጭሰኛ ላይ ደግሞ የመሬት ኪራይ ጨመሩበት። ጋንዲ በ1917 ወደ ቻምፓራን ሄዶ የጭሰኞቹን ቃል ሲመዘግብ ከአውራጃው እንዲወጣ ቢታዘዝም አልወጣም። በ1918 የወጣው የቻምፓራን የእርሻ ሕግ የሦስት ካታውን ግዴታ ሻረ። ባለፋብሪካዎቹም ያለአግባብ ከሰበሰቡት ገንዘብ 25 በመቶውን ለመመለስ ተስማሙ፤ 75 በመቶው በእጃቸው ቀረ።